ማርሚታውን የቀየርኩበት እውነተኛ ምክንያት

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር አለፈ። በሰኔ ጭቃ ነው የሸኘንህ፤ አሁን የካቲት ሊያልቅ ነው፣ የእንጅባራ ብርድም ረገብ ብሏል። ሰው ፊት "አንቱ" እልህ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ግን "አንተ" ስልህ ደስ ይልህ ነበር። ይህንንም የምጽፍልህ እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ መሪው ላይ ደብተር አስደግፌ ነው። ዳንግላ መናኸሪያ ተራ ይዣለሁ፤ ከፊቴ አራት መኪና አለ። ስለዚህ እንደ ድሯችን አንተ ልበልህ።

ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። መቀመጥ አልቻልኩም። ቁጭ ካልኩ እነሳለሁ፣ ወርጄ ጎማ እነካካለሁ፣ ኮፈን ከፍቼ ዘይት አያለሁ፤ ዘይቱ ጠዋት እንዳየሁት ነው። እነዚህን ወራት ሁሉ እንዲህ ሆኜ ነው ያሳለፍኳቸው። ልነግርህ የሚገባ ነገር ስላለ ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የቤቱን ላስቀድም።

የጓሮው ድንች ዘንድሮ ጥሩ ወጣ። ጋቢህን እማዬ ትደርበዋለች። ሬዲዮህ መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ባትሪው ፈስሶ እንዳያበላሸው አውጥቼዋለሁ፣ የከፈተው ሰው ግን የለም። መኪናዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከአርባህ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ግማሹ "ትሸጥ"፣ ግማሹ "ሹፌር ይቀጠርላት" ሲል እማዬ ስታዳምጥ ቆየችና ተነሥታ ቁልፉን ከምስማሩ አወረደች። እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ልጄ መኪና የተማረችው ለምን ሆነና?" ብላ በአዊኛ ተናገረችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም።

መስመሬ ያንተው መስመር ነው፤ ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም አድርጎ ዳንግላ። መንገድ በተዘጋ ቀን ቤት እውላለሁ። በተከፈተ ቀን ደግሞ ግማሹ ቀን ቤንዚን ሰልፍ ላይ ያልቃል። ተሳፋሪው መጀመሪያ ላይ መሪው ጋ ሴት ሲያይ ይጠራጠር ነበር፤ አሁን "የእንትና ልጅ ናት" ይባባልና ይገባል። ስምህ አሁንም ሰው ያሳፍራል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ያቺ መኪና የራሷ ድምፅ ነበራት። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ዝጎ ሁለት ቦታ ተበስቶ፣ አንተ ቆርቆሮ ለጥፈህበት አስበይደኸው፣ ዳገት ላይ ጉሮሮዋን እየጠረገች እንደምታወራ ባልቴት ሻካራ ድምፅ ታወጣ ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን ስትታጠፍ እማዬ ከቤት ውስጥ ሆና ትለያት ነበር። ደጅ ሳትደርስ የቆርቆሮው በር ሁለቱም ክንፉ ተከፍቶ ይጠብቅሃል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ደጃችን ላይ ክላክስ ስታደርግ ሰምቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ቀን ይዣት ስገባም በሩ ተከፍቶ ነበር። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፣ ቀን ነው። እማዬ አንዱን ክንፍ በእጇ ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ በርቷል። ገብቼ ሞተር አጥፍቼ ስወርድ ያ ብርሃን ከፊቷ ሲጠፋ አየሁት። "ደህና ዋልሽ" ብላኝ ዞር አለች። በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱም እንደዚያው። ድምፁን ስትሰማ "እሱ ነው" ብላ ትነሣለች፣ እኔ ስወርድ ትዝ ይላታል ብዬ አሰብኩ። በየማታው አባቴን አንድ አንድ ጊዜ እየገደልኩ ቤት የምገባ መሰለኝ።

አልቻልኩትም፣ አባዬ። መኪናዋን ታች ጎረቤት ግቢ ላሳድራት ሞከርኩ፤ እማዬ ድምፁን ሰምታ በሩን ከፍታ እዚያው ቆማ ጠበቀችኝ። ቶሎ ልግባ ብል ቆማለች፣ ላምሽ ብል ቆማለች። በመጨረሻ፣ ሐዘኑ የሚነሣባት በድምፁ ከሆነ ድምፁን ላጥፋው አልኩ።

ዳንግላ ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ ቧንቧ እያጣመመ የሚበይድ ሰው አለ። ሰፋ ያለ የጭስ ማውጫና ጫፉ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ማርሚታ አንድ ላይ ይገጥማል። "ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚን ይቆጥባል" ይላል። እኔ ይህን የማምን ሰው አልነበርኩም። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ በፊት ደግሞ አንተ አስተምረኸኛል።

ያን ቀን ታስታውሰዋለህ? ጥርባ አጠገብ መንገድ ዳር አቁመህ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚለኩሱት አንዱን ካንዴላ ፈትተህ በጨርቅ ይዘህ አሳየኸኝ። "ጫፉን እይ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶባታል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷት በአየር እየነደደች ነው። እንደ ገብስ ቆሎ ከሆነ ተስማምቷታል" አልከኝ። ቀጥለህም የሚገባው አየርና የሚወጣው ጭስ ተለካክቶ የተሠራ ነው፤ አንዱን ነክተሽ ሌላውን ከተውሽ ሞተሩ ይታመማል አልከኝ። ከዚያ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር እንዳስተካክል ካቻቢቴውን ሰጥተኸኝ፣ ብሎኗን ከልክ በላይ ሳጠብቃት ጮኸህብኝ ካቻቢቴውን ነጥቀህ ድንጋይ ላይ ወረወርከው። ተሳፋሪ የለም ብለህ ነው እንጂ እንዲህ አትጮኽብኝም ነበር። ሲመሽ ደግሞ ራስህ "ብስጩ ነኝ" አልከኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እማዬን "ቤንዚን ይቆጥባል" አልኳት።

"አባትሽ ቢኖር ይፈቅድ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እሱም ሊያስገጥም ያስብ ነበር" አልኳት። በስምህ ዋሸሁ። አንተ የማታውቀውን አሳብ አፍህ ውስጥ ከተትኩ። እሷም እኔ የተማርኩ ነኝና አመነችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ መኪናዋ ሌላ ሰው ሆና ገባች። ቀጭን፣ ጯሂ ድምፅ። ደጅ ስደርስ በሩ ዝግ ነው። ወርጄ በእጄ ከፈትኩ፣ አስገባሁ፣ መልሼ ዘጋሁ። እማዬ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ነበር። "መጣሽ እንዴ?" አለችኝ፣ ገርሟት። እፎይ አልኩ። ስለዚያ ማታ እንኳ ልዋሽህ አልችልም፤ እፎይ አልኩ።

እፎይታው ከሁለት ቀን አላለፈም። በሦስተኛው ቀን ዝግ በር ላይ ስደርስ የሚከፍትልኝ ሰው ፈለግሁ። እማዬም ቀስ በቀስ ወሬ አነሰች። እራት አቅርባልኝ ቶሎ ትተኛለች። አዝና ነው፣ ሐዘኑ እየገባት ነው፣ ያልፋል አልኩ።

መኪናዋም ታመመች። ዳገት ላይ ጉልበት አጣች፤ አንተ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣውን እኔ በሁለተኛ፣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጬ ነው የምወጣው። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ስለቅ ደግሞ ከኋላ ጷ! ጷ! ትላለች። የዘንድሮን የተኩስ ነገር አንተ ሳታየው ሄድክ እንጂ፣ ያ ድምፅ ሲሰማ ተሳፋሪው ሁሉ ጥይት መስሎት አንገቱን ይደፋል። አንዲት እናት ልጇን ከወንበሩ ሥር ስትከት በመስታወት አየኋት። "ማርሚታ ነው፣ አይዟችሁ" እያልኩ ስንት ቀን ነዳሁ።

የቤንዚን መለኪያዋ ከተበላሸ ብዙ ዘመኑ እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ የምትቆጥረው በምልልስ ነበር፤ አንዴ ከሞላች አምስት ጊዜ ደርሰን እንመለሳለን፣ ከዚያ ሰልፍ እንይዛለን። እኔም ባንተው ልክ ቀጠልኩ። ፔዳሉን እየረገጥኩ፣ በዝቅተኛ ማርሽ እየጎተትኩ፣ ያንተ ልክ እንደማይሠራ ማወቅ ነበረብኝ። አላሰብኩበትም። ማሰብ ስለማልፈልግ ይሆናል።

ጥር ላይ አንድ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከእንጅባራ ስነሣ ከጥርባ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ አጠገቤ ጋቢና ገባ። ወንድሙ ዳንግላ አርፎ ለቀብር እየሄደ ነበር። ስለ ወንድሙ አላወራም፤ "ስድስት ሰዓት ላይ ነው ይላሉ፣ እንደርሳለን አይደል?" ብቻ አለኝ። "በደንብ" አልኩት። አዲስ ቅዳምን አለፍን፣ የከሰል ጆንያ የተደረደረበትን መንገድ ዳር አለፍን፤ ዳንግላ ሳንደርስ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንተባተበችና ጸጥ አለች። ገና አራተኛው ምልልስ ነበር። ቤንዚን አልቆ ነበር።

መንገዱ ያን ቀን ጭር ያለ ነበር። ሩብ ሰዓት ቆምን። የሚያልፍ የለም። ሰውየው ወርዶ ወደፊት አየ፣ ወደ ኋላ አየ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አሠረና መሮጥ ጀመረ። አልተቆጣኝም። የስልሳ ዓመት ሰው ነው አባዬ፣ ያንተ እኩያ። ጀርባው እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት። ሌላ መኪና መጥቶ ቤንዚን ሲያካፍለኝ ስድስት ሰዓት ካለፈ ቆይቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ቤት ጠይቄ ሄድኩ። ሰው መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። አወቀኝ። ተንበርክኬ "አልደረሱም፣ አይደል?" አልኩት።

"አፈር ሲመለስ ነው የደረስኩ" አለኝ። ከዚያ ቦታ ለቀቀልኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። "መኪና ነው፣ ይቆማል። አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ?"

ይቅርታው ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። የቆመችው መኪና ስለሆነች አይደለም። እኔ ነኝ ያቆምኳት፣ እያወቅሁ። ይህን ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ ለማያውቀኝ ሰው መናገር አልቻልኩም። ተነሥቼ ወጣሁ።

በዚያው የድሮውን ማርሚታ ፍለጋ ገባሁ። በያጁ "ለቁራሌ ሰጥቼዋለሁ" አለኝ። ቁራሌውን አገኘሁት፤ "ከብረቱ ጋር ተጭኖ ባሕር ዳር ሄዷል" አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሥራ ትቼ ከአንዱ ብረት ክምር ወደ ሌላው ዞርኩ፣ ምናልባት ተሳስተው ይሆናል እያልኩ። አልተሳሳቱም።

ከዚያ በኋላ ነው ጓደኛህ ጋሽ አለኸኝ ጋራዥ የሄድኩት። ቀድሜ ያልሄድኩት ስላፈርኩ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ እጁን ኪሱ ከትቶ ትንሽ አዳመጠ፤ አጠፋው፤ ካንዴላ ፈታ። ጫፉ እንደ ኖራ ነጭ ነበር። መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

"አንብቢው" አለኝ።

"ቤንዚን አንሷታል። የጭስ ማውጫው ሰፍቶ ካርቡራቶሩ እንደ ድሮው ቀርቷል።"

"ታውቂያለሽ ማለት ነው። ታዲያ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ ትዋብ?"

እዚያው ዘይት በጠጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉን ነገርኩት። የእማዬን ፊት፣ በሩን፣ በስምህ መዋሸቴን፣ የሚሮጠውን ሰውዬ። ጋሽ አለኸኝ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። "ሞተሩን እኔ አስተካክለዋለሁ" አለኝ። "ሌላውን እናትሽን ጠይቂያት እንጂ እኔን አትጠይቂኝ። አንቺ ያየሽው የእሷን ፊት ነው፣ ልቧን አላየሽም።"

ሁለት ቀን ሠራንባት። የሰፋውን ቧንቧ መሃሉ ላይ በጠበበ ቀየርነው፣ መጋጠሚያው ላይ አየር የሚያስገባውን ክፍተት ዘጋን፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳዋ የጠበበች የናስ ቁራጭ አውጥተን በአንድ ቁጥር ሰፋ ባለች ተካን። ከዚያ ብሎኗን እኔ ያዝኩ፤ ሩብ ዙር ከፈትኩ፣ አዳመጥኩ፣ ትንሽ መለስኩ። ዳገቱን ወጥተን ተመልሰን ካንዴላውን ፈታን። የገብስ ቆሎ። ጋሽ አለኸኝ ሳቀና "ይሄኔ እሱ ቢሆን አንድ ነገር ወርውሮ ነበር" አለ። ካንዴላውን ተቀብዬ መልሼ ገጠምኩት።

አሁን እንደ ድሮው አምስት ትመላለሳለች። ከድሮው ግን አንዲት ምልልስ አልጨመረችም። ያ ሁሉ ልፋት ወደነበርኩበት ለመመለስ ብቻ ነው።

እማዬን የጠየቅኋት እሑድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንች እየላጠች። ቢላ አንሥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ አንዱን ድንች ይዤ ሳልልጠው ቆየሁ፤ ከዚያ ነገርኳት። "ማርሚታውን የቀየርኩት ለቤንዚን አይደለም፣ አባዬም እንዲህ ያለ ነገር አስቦ አያውቅም፤ ድምፁን እየሰማሽ እሱ መጣ ብለሽ ስትነሺ ማየት ስላቃተኝ ነው" አልኳት።

መላጧን አቆመች። "ማን መጣ ብዬ?"

"አባዬ።"

"አንቺ ልጅ" አለችኝ። "ገላውን ያጠቡት አጠገቤ ነው። እጁን ያጣመርኩለት እኔ ነኝ። መሞቱን ላላውቅ ነው?" ቢላውን አስቀመጠች። "እኔ የምነሣው ላንቺ ነው። መንገዱ እንዲህ ሆኖ፣ ልጄ ወጥታ ውላ፣ ድምፁን ስሰማ በሰላም ገባች ብዬ ነው። ፊትሽን ሳየው ደግሞ ደክሞሽ፣ ከስተሽ፣ የሱን ሸክም ተሸክመሽ ስትወርጂ አንጀቴን ትበይኛለሽ። ይኸው ነው።"

ድንቹን መልሼ አስቀመጥኩት። እሷ ግን አልጨረሰችም።

"ያን ሰሞን በሩን ራስሽ ከፍተሽ ትገቢ ጀመርሽ። ድምፁንም አላውቀው፣ የጎረቤት ነው እላለሁ፤ ድንገት ቤት ውስጥ አገኝሻለሁ። አልጠራሽኝ። 'በቃ ትዋብም አልፈለገችኝም' አልኩ።"

አባዬ፣ እናቴን ከሐዘን አድናለሁ ብዬ ያደረግሁት ይህ ነው። ማታ ማታ በሰላም መግባቴን የምታውቅበትን አንድ ምልክት ቀማኋት። ከዚያ ምድጃ ዳር ብቻዋን ስትቀመጥ ባንተ ሞት አመካኘሁ።

በማግስቱ "ውሰጅኝ" አለችኝ። ጋቢና አስቀምጬ ዳንግላ ድረስ ወሰድኳት። አንተ ስንት ጊዜ "ነይ" ብለሃት "ሥራ አለኝ" ያለችህ ሰው መንገዱን ሁሉ በመስኮት ስታይ ሄደች። በየመሃሉ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። "ዳገት ላይ ትንሽ ታፏጫለች" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ታፏጫለች። ይህን ካወቀች ወዲህ ስመጣ ትለየኛለች።

ነገሩ አለቀ፣ ልቤ ተረጋጋ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ። አልተረጋጋሁም። ያ ሰውዬ አሁንም ከፊቴ ይሮጣል። ጥርባ በኩል ባለፍኩ ቁጥር መንገድ ዳር የቆመውን ሽማግሌ ሁሉ አየዋለሁ። አንድ ቀን ባገኘው እውነቱን እነግረዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ፤ ይቅርታውን የሰጠኝ ሳያውቅ ነውና ሲያውቅ መልሶ ሊወስደው መብቱ ነው። እስከዚያ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ይህንንም ካንተ የወረስኩት ነው፤ አንተም አንዲት ብሎን ካላማረችህ እራት አይወርድልህም ነበር።

ሰው ሲሞት ቅዱስ ይደረጋል። ለቅሶው ላይ "ተቆጥቶ የማያውቅ" ብለው ሲያወሩልህ እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ። ከእንግዲህ አልነቀንቅም። የምትቆጣ ነበርክ፤ ከተቆጣህም በኋላ የምታፍር። ለሰው ቀብርና ለወላድ ተራ ሰብረህ የምትነሣ፣ ከተራ አስከባሪ ጋር የምትጣላ ነበርክ። እኔን መኪና ስታስተምር ሰው የሳቀብህ፣ ግድ ያልሰጠህ ነበርክ። ያላልከውን አልጨምርብህም፣ ያልከውንም አልቀንስብህም። በዕድሜዬ ልክ የማስታውስህ እንዲህ እንደነበርክ አድርጌ ነው፣ አባዬ፤ ስለ አንተ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ከእኔ አፍ አንተኑ ይሰማል።

ልጅህ ትዋብ